ደህና የሚመስለው አይጥ፦ ከሀዋሳው ላብራቶሪ የያዝኩት ትምህርት

የማስተርስ ጥናቴን የሠራሁት ሀዋሳ ነው። ርዕሱ፦ አይጥ በሌላ አይጥ ሲጨነቅ እንቅስቃሴው ምን ይሆናል? ሰው ሲሰማ ይስቃል። ጭንቀቱ ግን የምር ነው። ወንድ አይጥ ሰፈሩን አያስነካም፤ የማያውቀው ወንድ ከገባበት ያሳድደዋል፣ ይነክሰዋል። የተሸናፊው ደም ውስጥ ኮርቲኮስቴሮን የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ይጨምራል።

አሠራሩ የታወቀ ነው። አነስ ያለውን አይጥ ተደባዳቢው ያለበት ኬጅ ውስጥ ለ5 ወይም ለ10 ደቂቃ ታስገባዋለህ። ከዚያ ቀዳዳ ባለው ግልጽ ፕላስቲክ ትከልላቸዋለህ። እየተያዩና እየተሻተቱ ያድራሉ። በማግስቱ ሌላ ተደባዳቢ ይጠብቀዋል። እንዲህ እያለ 10 ቀን። ዱላው የደቂቃዎች ነው፤ የቀረው ሁሉ ስጋት ነው።

ፕላስቲኩን ከውጭ ማዘዝ የማይታሰብ ነበር። ፒያሳ አካባቢ ታፔላ የሚሠራ ልጅ ጋ ሄድኩ። እየቆረጠልኝ፣ "ብሮ፣ ለአይጥ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?" አለኝ። ቀዳዳዎቹን በድሪል በሳልኝ። ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ እንዳትረሳ፤ አይጡ አፍንጫውን የሚያስገባው እዚያ ነው።

ተደባዳቢ መምረጥ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ትልቅ ሁሉ አይደባደብም። ደጋግመህ ፈትነህ በ1 ደቂቃ ውስጥ የሚያጠቃውን ትይዛለህ። እዚህ ላይ የደረሱልኝ አይጦቹን የሚንከባከቡት ጋሼ ናቸው። አንዱን አንስተው ፀጉሩን ገለጥ አደረጉና፣ "እየው፣ ጭራው ሥር ነው የተነከሰው። ይሄ የሚሸሽ ነው። ጀርባው ንጹህ የሆነውን ፈልግ" አሉኝ።

ልክ ናቸው። ተሸናፊው እየሸሸ ስለሚነከስ ቁስሉ ከኋላ ነው። ግን ነገሩ እዚያ አያበቃም። አብረው በሚኖሩ ወንዶች መካከልም አለቃና ምስኪን አለ። ለማነጻጸሪያ የያዝከው "ያልተነካ" አይጥ በገዛ ኬጁ ሲደበደብ ከርሞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሙከራው ሳይጀመር የሁሉንም ጀርባና ጭራ አይቼ መዘገብኩ። ሳነሳቸውም በቱቦ ነበር። በጭራ ማንሳት ራሱ እንደሚያስፈራቸው እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት አሳይቷል።

እንቅስቃሴያቸውን የቀረጽኩት ወለሉ በመስመር በተከፋፈለ ሳጥን ውስጥ ለቅቄያቸው፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ፣ በቀይ መብራት ነው። አይጥ የሌሊት እንስሳ ነው፤ ቀይ ብርሃን ደግሞ እምብዛም አይታየውም። ቀን ላይ ፈዞ ብታየው እንቅልፉ ነው ወይስ ጭንቀቱ?

ቪዲዮውን ሳይ ያስገረመኝ አንድ አይጥ ነበር። ሳጥኑን ይዞረዋል፣ ይዞረዋል፤ የተሻገረው መስመር ብዛት ካልተደበደቡት አያንስም። ወደ መሀል ግን ዝር አይልም፤ ጎኑን ከግድግዳው አላላቀቀም። ይሄ የፍርሃት ምልክት ነው። ድምሩን ብቻ ብቆጥር "ደህና ነው" ብዬ አልፈው ነበር። መሀሉንና ዳሩን ለየብቻ መቁጠር የግድ ነው።

ሌላም አለ። ሁሉም እኩል አይጎዱም። የማያውቁት አይጥ ሲቀርብላቸው አንዳንዶቹ ይሸሻሉ፣ አንዳንዶቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀርበው ያሸቱታል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ግን የማይሸሹትም ቢሆኑ ሌላ የፍርሃት ምልክት አላቸው። አንድ ሰው "አማካዩን ጻፍና ጨርስ" ብሎኝ ነበር። አልተዋጠልኝም። ሠንጠረዡን ለሁለት ከፈልኩት፦ የሸሹ፣ ያልሸሹ። ያ ግድግዳ ለግድግዳ የሚዞረው አይጥ የተመደበው ካልሸሹት ጋር ነው።