ያልተቆጠሩት ስድስት

ቱሉ ዲምቱ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ያውም ሌሊት። ነዋሪው አዋጥቶ መሬት ላይ ትልቅ ሮቶና ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ አስገብቷል። እኛ ደግሞ ፓምፑን የምታዘውን ትንሽ ሣጥን ገጠምንላቸው። ሥራዋ አንድ ነው፦ ሮቶው ባዶ ከሆነ ፓምፑ እንዳይነሳ ማድረግ።

ውኃ መኖሩን የምናውቀው ሮቶው ላይ ከውጭ በለጠፍነው የአሉሚኒየም ፕላስተር ነው። ውኃው እዚያ ሲደርስ የቺፑ የንክኪ ሴንሰር የሚያነበው ቁጥር ይለወጣል። ሣጥኗ ውስጥ ከሦስት የኢኤስፒ32 ቺፖች አንዱ ይገባል፦ የድሮው፣ ኤስ3 ወይም ሲ3። ታዲያ በድሮው ውኃ ሲኖር ቁጥሩ ይወርዳል፣ በኤስ3 ደግሞ ይወጣል። ርካሹ ሲ3 የንክኪ ሴንሰር ጭራሽ ስለሌለው ለእሱ ተንሳፋፊ ማብሪያ ነው የምንጠቀመው።

ኤስ3ንና ሲ3ን ኮዳችን ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ኮዱ በትክክል መሥራቱን ከሚፈትሹልን ቴስቶች ንክኪውን የሚመለከቱት ስድስቱ ሲ3 ላይ ኮምፓይል እንኳ አልሆን አሉ፤ ማለትም ቺፑ ወደሚገባው ቋንቋ አልተተረጎሙም። የቺፑ አምራች የትኛው ቺፕ ምን እንዳለው በማክሮ፣ ማለትም ኮምፓይለሩ በሚያነበው ስም፣ የሚዘረዝር ፋይል አለው፤ ንክኪ ካለ ቴስቶቹ ይግቡ፣ ከሌለ ይቅሩ ብዬ በኢፍ («ከሆነ» በሚለው ትዕዛዝ) አጠርኳቸው። ሦስቱም ቦርድ አረንጓዴ ሆነ፤ ቴስቱ አለፈ ማለት ነው። ኤስ3ን ጠረጴዛዬ ላይ ውኃ በሞላ ሃይላንድ ሞከርኩት፣ ሠራ። የድሮውን ግን በእጄ አልነካሁትም፤ ቴስት አለው ብዬ።

አፕዴቱ በወጣ በሦስተኛው ሌሊት ስልኬ ጮኸ። የኮንዶሚኒየሙ ዘበኛ ናቸው።

«ልጄ፣ ሞተሩ ይጮኻል፤ ውኃ ግን ጠብ የለም። የተቃጠለ ጎማ ጎማ ይሸታል።»

«አባባ፣ ብሬከሩን ያውርዱት!»

«እሱንማ አወረድኩት፤ አንተን እጠብቃለሁ እንዴ?»

ጠዋት ቢሮ ገብቼ ለአለቃዬ ነገርኳት። «ቴስቱ ሁሉ አልፏል እኮ» አልኳት።

«ስንት ነው ያለፈው?»

«ሁሉም።»

«ስንት ነው አልኩህ?»

ከፈትነው። 35 ቴስት፣ 0 የወደቀ፣ 0 የተዘለለ። ከወር በፊት በዚያው ቦርድ 41 ነበር።

ጥፋቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀብንም፤ ማፈሩ ነው የፈጀው። የማክሮው ስም መጨረሻ ላይ ያለውን «ሰፖርትድ» ሁለት ፒ መጻፍ ሲገባኝ በአንድ ፒ ጽፌዋለሁ። ሲ ቋንቋ ደግሞ በኢፍ ውስጥ የማያውቀው ስም ሲገጥመው ዜሮ ነው ብሎ ያልፋል፤ ካላዘዙት ማስጠንቀቂያ እንኳ አይሰጥም። ስለዚህ ስድስቱ ቴስቶች ሲ3 ላይ ብቻ ሳይሆን በሦስቱም ላይ ጠፉ። የወደቁ አይደሉ፣ የተዘለሉ አይደሉ፤ ከነመኖራቸው ነው የተሰረዙት። እኔ ደግሞ ለኤስ3 ብዬ የማነጻጸሪያ ምልክቱን («ያንሳል» ወይስ «ይበልጣል» የሚለውን) ስገለብጥ ለድሮውም ገልብጬው ኖሯል። ባዶው ሮቶ «ሙሉ ነኝ» ይል ነበር ማለት ነው።

ማክሮውን ማረሙ የአንድ ፊደል ሥራ ነው። ከዚያ በላይ የተከራከርነው ሲ3ን ምን እናድርገው በሚለው ነበር። ኢፉን ማንሳት አይቻልም፣ ኮዱ እዚያ አይገነባም። በመጨረሻ ለእያንዳንዱ የታጠረ ቴስት በኤልስ («ካልሆነ» በሚለው) በኩል ስሙን ይዞ «ይህ ቺፕ የንክኪ ሴንሰር የለውም» ብሎ ራሱን የሚዘልል ምትክ ጻፍን። አሁን ሲ3 ላይ 41 ቴስት፣ 6 የተዘለለ ይላል። በድሮውና በኤስ3 ላይ የተዘለለ አንድ እንኳ ከተገኘ ሪሊዝ አይወጣም። ያልታወቀ ማክሮንም ኮምፓይለሩ እንደ ስህተት እንዲቆጥር አደረግን፤ በራሳችን ፋይሎች ላይ ብቻ ነው፣ በሰው ኮድ ላይ ቢበራ ቀኑን ሙሉ ሲጮኽ ይውላል።

የፓምፑን ሲል (ውኃ እንዳያፈስ የሚያሽገውን) በራሳችን ወጪ አስቀየርን። የታረመውን ልጭን ስሄድ ዘበኛው ከኋላዬ ቆመው ላፕቶፔን ያያሉ። ስክሪኑ ላይ «ባዶ» የሚለው ሲመጣ እሳቸው ቀድመው ሮቶውን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አድርገው ነበር።

«ባዶ ነው» አሉ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ።