ፕሮቡ ያሰፋው ቀዳዳ

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ትንሽ ቢጫ መብራት ነው።

የምሠራው በአንድ የባህረ ሰላጤ አገር፣ የአውሮፕላን ጥገና ሃንጋር ውስጥ ነው። የኤሌክትሪክ ቴክኒሻን ነኝ። ያን ሰሞን የሌሊት ሺፍት ነበርኩ። አመሻሽ ላይ አንድ ቦይንግ 737 ገባ። አብራሪው ሎግቡኩ (የአውሮፕላኑ የብልሽትና የጥገና መዝገብ) ላይ «ካረፍን በኋላ የአንቲስኪድ መብራት በራ» ብሎ ጽፏል።

አንቲስኪድ መኪና ላይ ኤቢኤስ የምንለው ዓይነት ነገር ነው። አውሮፕላኑ አርፎ ፍሬን ሲይዝ፣ ጎማው ተቆልፎ እንዳይጎተትና እንዳይፈነዳ ይጠብቃል። አራቱም ዋና ጎማዎች አክስላቸው (የሚዞሩበት ዘንግ) ውስጥ ፍጥነት የሚለካ ሴንሰር አላቸው። ከሴንሰሩ የሚነሳው ሽቦ በማረፊያ እግሩ ሽቅብ ወጥቶ እስከ ኤሌክትሮኒክስ ክፍሉ ይደርሳል። እዚያ ያለው ኮምፒውተር የጎማዎቹን ፍጥነት እየተከታተለ፣ ሊቆለፍ የደረሰውን ጎማ ፍሬን ያላላለታል። ከአንዱ ጎማ የሚመጣው ምልክት ከተቋረጠ ቢጫዋ መብራት ትበራለች።

ኮምፒውተሩን ራሱን እንዲመረምር ሳዘው፣ ችግሩ በግራ በኩል ያለው የውጪኛው ጎማ መስመር ላይ ነው አለኝ። ወሩ ሐምሌ ነው። እዚያ አገር በሐምሌ ሌሊቱም ወበቁን አይለቅም። ማረፊያ እግሩ ሥር ተንበርክኬ ኮኔክተሩን፣ ሴንሰሩና ሽቦው የሚገናኙበትን መሰኪያ፣ ፈታሁ። ሴንሰሩን በመልቲሜትር ለካሁት። ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ተቆርጧል። ደስ አለኝ። እንዲህ ቁርጥ ያለ ብልሽት ለቴክኒሻን በረከት ነው። አዲስ ሴንሰር ከስቶር አወጣሁ።

ከመግጠሜ በፊት «ወደ ላይ የሚሄደውንም ሽቦ ልየው» አልኩ። ሐሳቡ ትክክል ነበር። አሁንም ቢሆን ሽቦውን ሳያይ ሴንሰር ቀይሮ የሚሄድ ሰው ሥራውን ጨርሷል አልልም። የእኔ ጥፋት አለካኬ ላይ ነው።

ላይ ኤሌክትሮኒክስ ክፍል ውስጥ የነበረው ባልደረባዬ ከሴንሰሩ የሚመጡትን ሁለቱን ሽቦዎች ጫፋቸው ላይ አገናኘልኝ። እኔ ከታች የሜትሩን ሁለት ፕሮቦች (የመለኪያ ዘንጎች) ሴቴው ኮኔክተር ቀዳዳዎች ውስጥ ከተትኩ። ጥቁሩ ገባ። ቀዩ አልገባም አለኝ። ትንሽ ገፋ አደረግኩት። ገባ። ሜትሩ ጢ...ጥ አለ። 0.4 ኦም። ኤሌክትሪክ ሳይታገድ ያልፋል፣ ሽቦው ጤነኛ ነው ማለት ነው። አዲሱን ሴንሰር ገጠምኩ፣ ኮኔክተሩን አጠበቅኩ፣ ሙከራው አለፈ፣ ፈረምኩ።

ያቺ «ትንሽ ገፋ» ሦስት ሌሊት አስከፈለችኝ።

በሁለተኛው ቀን አውሮፕላኑ ያንኑ መብራት አብርቶ ተመለሰ። ኮምፒውተሩ አሁንም የግራ ውጪኛ ጎማ ይላል። አዲሱን ሴንሰር ለካሁት፣ ደህና ነው። ሽቦውን ለካሁት፣ ደህና ነው። ፕሮቡ በዚህኛው ዙር ያለ ትግል ነው የገባው። ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም። ሳስበው ግን ያ ራሱ ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር። ሌላ ምክንያት ስናጣ ኮምፒውተሩን ቀየርን። መብራቱ ጠፋ። አውሮፕላኑ ሄደ። በማግስቱ ከሁለት በረራ በኋላ መብራቱ እንደገና በራ። መንገደኞች ተሳፍረው ከተቀመጡበት አውሮፕላን ወርደው ሌላ እስኪዘጋጅላቸው ጠበቁ። ከሃንጋሩ በር ሆኜ አውቶቡሶቹ ሲመላለሱ አየሁ። ሕፃን የታቀፈች እናት ነበረች። ከእኔ እጅ የወጣ ሥራ መሆኑን ሳስበው ጉሮሮዬ ደረቀ።

በሦስተኛው ሌሊት ጋሼ መጡ። እኛ ሐበሾቹ ጋሼ ስለምንላቸው፣ ህንዶቹና ፊሊፒኖቹም ከእኛ ሰምተው ጋሼ ይሏቸዋል። ሙያውን የጀመሩት ቦሌ፣ በቦይንግ 727 ዘመን ነው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸው ነበር። ሲሠሩ አይቸኩሉም። የሚቸኩል ሰው ሲያዩ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ።

«እስካሁን ምን ምን ለካህ?» አሉኝ።

አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

«በምን ለካህ?»

«በሜትር ነዋ፣ ጋሼ።»

«ሜትሩንማ አየሁት፣ የኔ ልጅ። ሽቦውን የነካኸው በምን እንደሆነ ነው የምጠይቅህ።»

ፕሮቡን ሰጠኋቸው። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሃል አንከባለሉት። ምንም አልተናገሩም። ከመሣሪያ ሳጥናቸው ትንሽ ላስቲክ ከረጢት አወጡ። ውስጡ አዳዲስ ወንዴ ፒኖች ነበሩ፣ ልክ ሴንሰሩ ላይ ያሉትን የሚያክሉ። ነጭ ወረቀት መሬት ላይ አነጠፉ። ሴቴውን ኮኔክተር ወደ ታች ዘቀዘቁትና አንዷን ፒን ጥቁሩን ፕሮብ የከተትኩበት ቀዳዳ ውስጥ ሰኩ። እጃቸውን ለቀቁ። ፒኗ ተንጠልጥላ ቀረች። ነቅለው ቀዩን ፕሮብ የገፋሁበት ቀዳዳ ውስጥ ሰኳትና እጃቸውን ለቀቁ።

ፒኗ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለች።

ቀና ብለው አዩኝ። ደግመው ሰኳት። ደግማ ወደቀች። ከዚያ ማጉያ መነጽሩን ሰጡኝና ባትሪ አበሩልኝ። ቀዳዳው ውስጥ ፒኗን ከግራና ከቀኝ ጨብጠው የሚይዙ ትንንሽ የብረት ምላሶች አሉ። በጤነኛው ቀዳዳ ምላሶቹ ወደ መሃል ጠጋ ጠጋ ብለዋል። በእኔኛው አንዱ ምላስ ወደ ግድግዳው ተለጥፏል። እንደ ተበላሸ የልብስ መቆንጠጫ አፉን ከፍቶ ቀርቷል።

ቁጥሩን ሳየው ነገሩ ግልጽ ነው። ያቺ ፒን ውፍረቷ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የተለመደው የመልቲሜትር ፕሮብ ጫፍ 2 ሚሊሜትር ነው። እጥፉን የሚያክል ብረት በግድ ከተትኩበት ማለት ነው። ይሄ ከሁሉም የባሰው አይደለም። የባሰው ሜትሩ ሁልጊዜ «ደህና ነው» ማለቱ ነው። ለምን? የሰፋው ቀዳዳ ለወፍራሙ ፕሮብ ልኩ ሆኗላ! ፕሮቤን ስከት ግጥም ብሎ ይነካል፣ ሜትሩ ጢጥ ይላል። ፕሮቤን አውጥቼ ሴንሰሩን ስገጥም ግን ቀጭኗ ፒን በሰፊ ቤት ውስጥ ትንቀጠቀጣለች። ሃንጋር ውስጥ አውሮፕላኑ ቆሟል፣ ትነካለች። ጎማው መሬት ሲመታ ለቅጽበት ትለቃለች። መብራቱ የሚበራው ያኔ ነው። እኔ ደግሞ መብራቱ በበራ ቁጥር ፕሮቤን ይዤ እመለሳለሁ። በለካሁ ቁጥር ያንን ቀዳዳ አንድ እርምጃ እያባባስኩት ነበር።

«ሜትር የሚመልስልህ የጠየቅከውን ብቻ ነው» አሉ ጋሼ። «አንተ ‹ሽቦው ተቆርጧል ወይ?› ብለህ ጠየቅከው። አልተቆረጠም አለህ። አልዋሸህም። ‹ፒኗ ተይዛለች ወይ?› ብሎ የጠየቀው ሰው የለም።»

ይህን ካሉ በኋላ ሻይ ይዘን ተቀመጥን። አንድ የድሮ ገጠመኛቸውን አወሩኝ። የአውሮፕላን ሽቦ ብዙ ጊዜ ውስጡ 19 ቀጫጭን ክሮች አሉት። 18ቱ ተቆርጠው አንዱ ቢቀር ሜትሩ ሽቦው አልተቆረጠም ይላል፤ ምክንያቱም ለመለካት የሚልከው ኤሌክትሪክ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ያቺ አንድ ክር እሱን ትችለዋለች። 600 ዋት የሆነ የማረፊያ መብራት ግን በ28 ቮልት ከ21 አምፔር በላይ ይጠይቃል። አንዲት ክር ያንን ከየት ታመጣለች? ጋሼ እንዲህ ዓይነት መስመር ላይ በዲጂታል ሜትር ሲለኩ ሙሉ 28 ቮልት አነበቡ፤ መብራቱ ግን አልበራም። አምፖል ሁለቴ ቀየሩ። በመጨረሻ መስመሩ ላይ አምፖል አገናኝተው፣ ኤሌክትሪክ እየሳበ ሳለ ሲለኩት ቮልቱ ክው ብሎ ወረደ። ዲጂታል ሜትር ከመስመሩ ምንም አይስብም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ደካማውንም መስመር ጠንካራ አስመስሎ ያሳያል። እሳቸው እስከ ዛሬ ባለመርፌውን ሲምፕሰን 260 ሜትር የማይጥሉት ደግሞ በሌላ ምክንያት ነው። ሽቦ እያወዛወዙ ሲፈልጉ መርፌው ሲዘል ዓይናቸው ይይዘዋል። ዲጂታሉ ቁጥሩን እስኪቀይር ብልሽቱ አልፎ ሊሄድ ይችላል።

ስለ አደገኞቹም አነሱ። የእሳት ማጥፊያ ጠርሙስ ላይ ያለችውን ፈንጂ ካፕሱል በተራ ኦም ሜትር አትነካም። ሜትሩ የሚልከው ጥቂት ኤሌክትሪክ ሊያፈነዳት ይችላል። ማኑዋሉ ለእሷ የፈቀደውን መሣሪያ ብቻ ነው የምትይዘው። የነዳጅ ታንክ ውስጥ የሚገቡ ሽቦዎችም እንደዚያው። እዚህ ላይ የጋሼ ድምፅ ዝቅ አለ። በ1996 ከኒው ዮርክ የተነሳው የቲደብሊውኤ በረራ 800፣ 747 አውሮፕላን፣ የመሃል ነዳጅ ታንኩ ፈንድቶ 230 ሰዎች አልቀዋል። መርማሪዎቹ የእሳቱን መነሻ በእርግጠኝነት ባያገኙትም፣ ከሁሉ የሚገመተው ከታንኩ ውጪ በተፈጠረ ሾርት ምክንያት ከፍተኛ ቮልት በነዳጅ መለኪያው ሽቦ በኩል ወደ ታንኩ መግባቱ ነው ብለዋል። የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን በ2001 በታንክ ደህንነት ላይ ጥብቅ ሕግ ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሼ ይህን የነገሩኝ ሊያስፈራሩኝ አልነበረም። ሽቦ ስነካ ሌላው ጫፉ የት እንደሚገባ ሳላውቅ እንዳልነካ ነው።

ሥራው ራሱ ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓትም አልፈጀ። የሰፋውን ሴቴ ፒን በማውጫው ገፍተን አወጣነው። ሽቦውን ቆርጠን አዲስ ፒን ክሪምፕ አደረግን፣ ማለትም በመቆንጠጫ ጨምቀን አሰርንበት። ጎተት አድርገን መያዙን አረጋገጥን፣ ቀዳዳው ውስጥ መልሰን ከተትነው፤ ቀጭ ብሎ ተቀመጠ። ወረቀቱን አነጠፍን። ፒኗን ሰካሁ፣ ለቀቅኩ። ተንጠልጥላ ቀረች።

የከበደኝ ሎግቡኩ ነው። እስክሪብቶ ይዤ ቆምኩ። «ያረጀ ፒን ተቀየረ» ብል ማንም አይጠይቀኝም። ቦታው ውሃና አቧራ የሚመታው ነው፤ ፒን ያረጃል። የመኖሪያ ፈቃዴ በሥራዬ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ከሥራ ብባረር አገሩን ለቅቄ መውጣት አለብኝ። አዲስ አበባ የእህቴን ትምህርት የምከፍለው እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ጋሼ ያውቃሉ። ዝም ብለው ቆይተው እንዲህ አሉኝ፦

«አረጀ ብለህ ከጻፍክ፣ ነገ ሌላው ልጅ በዚያው ፕሮብ ሌላ ቀዳዳ ያሰፋል።»

«በመልቲሜትር ፕሮብ ምክንያት የሰፋ ሴቴ ፒን ተገኝቶ ተቀየረ» ብዬ ጻፍኩ። ለሱፐርቫይዘሩም ሁሉንም ነገርኩት።

አልጮኸብኝም። ሁለት ጥያቄ ጠየቀኝ። የመጀመሪያው «ትክክለኛው የሙከራ ፒን ለምን አልተጠቀምክም?» የሚል ነው። እውነቱን ተናገርኩ፤ መኖሩን አላውቅም ነበር። ስቶር ሄድን። የየኮኔክተሩ ልክ የሆኑ ጫፎች ያሉት የሙከራ ሽቦዎች ሳጥን መደርደሪያው ላይኛው ክፍል ላይ ተቀምጧል። የፋብሪካው ማሸጊያ እንኳ አልተቀደደም። ያን ዕለት ተከፍቶ ወደ ሥራ ቦታችን ወረደ።

ሁለተኛው ጥያቄ እንቅልፍ የነሳኝ ነው። «በዚህ ፕሮብ ሌላ ምን ለካህ?»

ቁጭ ብዬ የወሩን የሥራ ካርዶች አገላበጥኩ። ሰባት ኮኔክተሮች፣ አራት አውሮፕላኖች ላይ። በእጄ ጻፍኳቸው። እያንዳንዱ አውሮፕላን ሲገባ እየጠበቅኩ በፒን ፈተሽኳቸው። አንዱ የዕቃ ክፍል በር ሴንሰር መስመር ላይ ነበር፤ ፒኗ ወደቀች፣ ቀየርኩት። ሌሎቹ ያዙ። ሰባተኛው ያለበት አውሮፕላን ሌላ ጣቢያ ላይ ስለነበር አምስት ቀን ጠበቅኩት። ሲመጣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ጋሼ ሺፍታቸው አልቆ እንኳ አልሄዱም፤ ባትሪውን ያዙልኝ። ወረቀቱን አነጠፍኩ። ኮኔክተሩን ዘቀዘቅኩ፣ ፒኗን ሰካሁ፣ እጄን ለቀቅኩ።

አልወደቀችም። ዝርዝሩ ላይ ሰረዝ አደረግኩና ሎግቡኩን አነሳሁ።