በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ ጉጥ

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የሠራሁላቸውን የቁም ሳጥን መዝጊያ በልጃቸው አሸክመው አራዳ ወዳለችው የእንጨት ሥራ ቤቴ መጡ። «የኔ ልጅ፣ እስቲ ይህን እየው» አሉኝ። ከጣውላው ላይ አንድ ጉጥ ወልቋል፤ ቀዳዳው አውራ ጣቴን ያስገባል። ጉጡንም በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አምጥተውታል። ጥቁር፣ ደረቅ፣ ዙሪያውን ቅርፊት የለበሰ፣ ልክ እንደ ጠርሙስ ውታፍ። መዝጊያውን ያለ ክፍያ በአዲስ ቀየርሁላቸው። ጉጡን ግን ለምኜ አስቀረሁት፤ አሁን ስጽፍ ፊት ለፊቴ ነው።

ጣውላው የፈረንጅ ጥድ ነው። ባሕር ዛፍ የታች ቅርንጫፉን ራሱ እያደረቀ ይጥላል፤ አብዛኛውም ገና በለጋነቱ አጣና ሆኖ ስለሚሸጥ ስለ ጉጡ የሚጨነቅ የለም። የፈረንጅ ጥድ ግን ጥላ የዋለበት ቅርንጫፉ ይደርቃል እንጂ ቶሎ አይወድቅም። ግንዱ በየዓመቱ እየወፈረ የሞተውን ቅርንጫፍ ከነቅርፊቱ ይውጠዋል። በሕይወት እያለ የተዋጠ ቅርንጫፍ ከግንዱ ጋር ተሳስሮ ስላደገ ጉጡ ጣውላው ላይ ጸንቶ ይኖራል። ሞቶ የተዋጠውን ግን የሚይዘው ነገር የለም፤ እንጨቱ ሲደርቅ እርሱም ይሟሽሽና አንድ ቀን ዱብ ይላል። መድኃኒቱ ቅርንጫፉን በጊዜ መመልመል ነው፤ የግብርና ባለሙያዎች ገረዛ የሚሉት።

አጎቴ ከጎንደር ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ፣ ኮሶዬ አካባቢ፣ ሁለት መቶ ያህል የፈረንጅ ጥድ አላቸው። ከዓመታት በፊት «እንመልምለው» ስላቸው «ዛፍ የሚበላው በቅጠሉ ነው፤ አፉን ልትዘጋው ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። አረንጓዴው ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ በብዛት ከተነሣ ዛፉ እድገቱ ይገታል፤ ከሲሶው ባያልፉ ይመረጣል። እኔ አልሰማኋቸውም። ሥራ በቀዘቀዘበት በሐምሌ ዝናብ ሁለት የቀን ሠራተኞች ቀጥሬ፣ ገጀራ አስይዤ፣ ሁሉንም አስመለመልሁ። ቁርጡ ከግንዱ ጋር ልሙጥ ካልሆነ ብዬም ቆሜ አዘዝሁ። ገጀራው ቅርፊቱን ቁልቁል እየላጠ ወረደ። በኋላ የዛፎቹን ጥግግት ለማሳሳት ሦስቱን ቆርጠን ስንሰነጥቃቸው ከየቁስሉ የተነሣ ቡናማ ብስባሽ ግንዱን ሽቅብና ቁልቁል ሄዶበታል። አጎቴ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅርንጫፍ ከግንድ የሚወጣበትን ቦታ በጣታችሁ ብትዳስሱት እብጥ ያለ ቀለበት ታገኛላችሁ። አሜሪካዊው ተመራማሪ አሌክስ ሺጎ በሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎችን በመጋዝ ሰንጥቆ ያየው ነገር እዚህ ላይ ይጠቅማል። ዛፍ ቁስሉን እንደ ሰው ሥጋ አያድነውም፤ ዙሪያውን አጥሮ ይከልለውና በላዩ አዲስ እንጨት ያለብሰዋል። ያን ቀለበት የቆረጠ ሰው አጥሩን አፈረሰ ማለት ነው። እኔም ያስቆረጥሁት እርሱን ነው። አሁን የምሠራው በበጋ፣ በመጋዝ ብቻ ነው። መጀመሪያ ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቄ ከሥር ትንሽ እገዘግዛለሁ፤ ቅርፊቱ እንዳይላጥ። ቀጥሎ ከላይ ቆርጬ ቅርንጫፉን እጥላለሁ። የቀረውን ጉማጅ ከቀለበቱ ወዲህ፣ ቀለበቱን ሳልነካ አነሣለሁ።

ሒሳቡን ብዙ ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ንጹሕ እንጨት ማለት ቁስሉ ከተሸፈነ በኋላ የሚጨመረው ብቻ ነው። ቁስሉ ሲሸፈን ግንዱ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ኖሮት 35 ሲደርስ ቢቆረጥ፣ ከአምስት እጅ አራቱ ጉጥ አልባ ይሆናል። 25 እስኪሞላ ከተጠበቀ ግን ንጹሑ ግማሽ ብቻ ነው። ቅርንጫፉም ወፍሮ ስለሚጠብቅ ድካሙ ይብሳል፣ ቁስሉም ይሰፋል።

ድካሙና የቀን ሠራተኛው ዋጋ ዛሬ ይወጣል፤ ጣውላው የሚገኘው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ወዲያው የሚገኘው ማገዶ ነው፤ የአጎቴ ሚስት ከመልመላው በኋላ ለሁለት ወር ያህል እንጨት ፍለጋ አልወጡም። ብርሃን ስለገባም ከሥሩ ሣር በቅሏል። የሣር እሳት ቢነሣ ደግሞ እንደ መሰላል የሚወጣበት ደረቅ ቅርንጫፍ የለም።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ነጋዴው በሜትር ኩብ ለክቶ፣ ጉጣሙንም ንጹሑንም በአንድ ዋጋ ይገዛል። ታዲያ ገበሬው ለማን ብሎ ይመልምል? ጉጡ ሲወድቅ ከመዝጊያው ጋር የሚመላለሰው አናጺው ነው፤ ስለዚህ አናጺዎች ለንጹሕ ጣውላ ጨምረን መክፈል አለብን። እኔ ለአጎቴ ጨምሬ እከፍላለሁ ብያለሁ፤ የተጻፈ ውልም ሰጥቻቸዋለሁ።

አሁን ሁሉንም አንነካም። ቀጥ ያሉትን፣ ቁስላቸው የተሸፈነላቸውን፣ ተራርቀው የቆሙትን ስልሳ መርጠን ቀይ ጨርቅ አስረንባቸዋል፤ የቀሩት በማሳሳት ጊዜ ስለሚወጡ ድካሙ አይገባቸውም። በነገራችን ላይ፣ የጎንደሩን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጥዶች ሳይ መጋዝ ትዝም አይለኝ። እነርሱ ለጣውላ የቆሙ አይደሉም፤ ቅርንጫፋቸው እስከ መሬት ቢወርድ ደስታዬ ነው።

በመጪው የካቲት ለሁለተኛው ዙር እወጣለሁ። እስካሁን የመለመልነው እጅ የሚደርስበትን ያህል ነው፤ አሁን እስከ አምስት ሜትር ከፍ እናደርገዋለን። አጎቴ ትናንት ደውለው «መሰላል ይዘህ ና፣ የእኔው አጥሯል» አሉኝ።