ሊፍት ውስጥ የፈረምኩት ወረቀት

መኪናዬ 48,000 ማይል ላይ ሞተሩ ነከሰ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ጠዋት ሥራ ልገባ ስል። ዋራንቲው፣ ማለትም አምራቹ ከተበላሸ በነፃ እጠግናለሁ ያለበት ዋስትና፣ 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነው፤ ስለዚህ ብዙም አልደነገጥኩም። አስጎትቼ የአምራቹን መኪና የሚሸጠውና የሚጠግነው ዲለር ጋ አደረስኩት። እዚህ ድረስ ቀላል ነው።

ጉዱ የመጣው በማግስቱ ነው። ሥራ ላይ እያለሁ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። ሞተሩን ፈትተን እንድናየው እዚህ ጋ ፈርም ይላል። ሊፍት ውስጥ ቆሜ በጣቴ ሞነጨርኩት። አላነበብኩትም። እናቴ ፊደል ሳትቆጥር ቀበሌ ስትፈርም እንኳ ሦስቴ አስነብባ ነው!

ከአራት ቀን በኋላ የአገልግሎት ክፍሉ ሰውዬ ደወለ። ዘይቱ እንደ ጭቃ ረግቷል፣ እኛ ጋ ስላልቀየርክ ዋራንቲው አይሸፍንም አለኝ። ወረቀቱን ያነበብኩት ያኔ ነው። ዋራንቲው ካልሸፈነ ሞተሩን የፈቱበትን 1,400 ዶላር የምከፍለው እኔ። ከዚያ በኋላ መኪናው እዚያ ለሚቆምበት ደግሞ በቀን 45 ዶላር። ይዤው ልውጣ እንዳልል ሞተሩ ተበታትኖ ተቀምጧል።

"እኛ ጋ ስላልቀየርክ" ምክንያት አይሆንም። በ1975 የወጣው የማግነሰን ሞስ የዋራንቲ ሕግ፣ በነፃ ካልሰጡህ በቀር፣ እኛ ጋ ብቻ አሠራ ማለትን ይከለክላል። ዘይቱን በጊዜው መቀየሬን ማሳየት ግን የኔ ዕዳ ነበር። እኔ ደግሞ የማስቀይረው ወዳጄ ጋራዥ ነው፤ በካሽ፣ ቡና እየጠጣን። ደረሰኝ ጠይቄው አላውቅም፤ ያሳፍራል እኮ። ያዳነኝ ዘይቱንና ፊልትሮውን ራሴ ገዝቼ መሄዴ ነው። ዕቃ መሸጫው በስልክ ቁጥሬ ፈልጎ የ6 ጊዜ ግዢዬን አትሞ ሰጠኝ። የመኪናው መጽሐፍ በየ7,500 ማይሉ ነው የሚለው፤ ቁጥሩ ልክ መጣ።

መጽሐፉ መጀመሪያ የዲለሩን ሥራ አስኪያጅ አነጋግሩ ይላል። አትስሙት። እኔ ሁለት ሳምንት ያቃጠልኩት "እንደውልልሃለን" ሲሉኝ ነው። ዋራንቲው የአምራቹ እንጂ የዲለሩ አይደለም። እምቢታውን በጽሑፍ ተቀበሉ፣ በዚያው ቀን አምራቹ ጋ ደውላችሁ የጉዳይ ቁጥር ያዙ። በስልክ የተባላችሁትን ሁሉ ደግሞ ስልኩን እንደዘጋችሁ በኢሜይል መልሳችሁ ጻፉላቸው። ሜሪላንድ ያላችሁ፣ የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል በነፃ ያሸማግላል። የዲለሩ ድምፅ የለዘበው እዚያ ካመለከትኩ በኋላ ነው።

አምራቹ የራሱን መርማሪ ላከ። ሞተሩ በዋራንቲ ተቀየረ፣ የፈቱበትም ክፍያ ቀረልኝ። የማቆሚያው ግን አልቀረም። ፈርመሃል አሉኝ። የ20 ቀን፣ 900 ዶላር ከፈልኩ።

ወዳጄ አሁን ደረሰኝ ይጽፍልኛል፤ "አንተ ደግሞ ፈረንጅ ሆንክ" እያለ።