በቪዲዮ ጉልበት አይታይም

ነሐሴ 12 ቀን፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ አዲሱ ገበያ። ሌሊቱን ሲጥል ያደረው ዝናብ ገና አላባራም። በኮንትራት የያዝነው ሚኒባስ ሞተሩን አስነስቶ በራችን ላይ ይጠብቀናል።

14 ሰዎች ነን። እማዬ፣ አክስቴ፣ እኛ አራት ልጆቿ፣ የታናሽ ወንድሜ ሚስት፣ የአክስቴ ልጅ፣ ከዚያ 6 ሕፃናት። ሕፃናቱ ጭን ላይ ነው የሚቀመጡት፤ ሌላ ቦታ የለም።

እኔ የምኖረው ሙኒክ ነው። እትዬ ዱባይ ናት። ታላቅ ወንድሜ ካልጋሪ። ከእማዬ ጋር የቀረው ታናሻችን ብቻ ነው። አራታችን አንድ ቤት ካደርን 9 ዓመት ሆኖናል። አባዬ ሲያርፍ እንኳ አልተገናኘንም። ያኔ የመኖሪያ ወረቀት ስላልነበረኝ ለቅሶ የተቀመጥኩት እዚያው ሙኒክ፣ ከአገሬ ልጆች ጋር ነው።

ዘንድሮ እማዬ በስልክ "ስለት አለብኝ፤ አራታችሁንም ይዤ ደብረ ሊባኖስ መሄድ አለብኝ" አለች። የምን ስለት እንደሆነ አልነገረችንም። ወሩን እንኳ መምረጥ አልቻልንም። የልጆቼ ትምህርት ቤት ነሐሴን ሙሉ ዝግ ስለሆነ ያለን ጊዜ እሱ ብቻ ነው። የእነሱ በጋ የእኛ ክረምት ነው። ልጆቼ ቁምጣ ይዘው መጥተው የአጎታቸውን ልጆች ሹራብ ለበሱ።

እማዬን ለማሳፈር እኔ ቀደምኩ። ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። አቅመ ደካማ ሰው እንዴት ከአልጋ እንደሚነሣ፣ እንዴት ደረጃ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ሲወጡ ደኅናው እግር ይቀድማል፤ ሲወርዱ የታመመው። አዲስ ለሚቀጠሩት የማሳየው እኔ ነኝ። እጇን ያዝኩና "በይ እማዬ፣ ግራሽን አስቀድሚ" አልኳት። እግሯን አነሣች። ፊቷ ጭምድድ አለ። ድምፅ አላሰማችም፤ የበሩን ጠርዝ ይዛ ዝም ብላ ቆመች።

ታናሽ ወንድሜ ከቤት ትንሽ በርጩማ ይዞ ወጣ። እግሯ ሥር አስቀመጠው። ክንዷን ትከሻው ላይ አሳረፈና "ቀኝሽን" አላት። ሁለቱም ሳይነጋገሩ የሚያውቁት ነገር ነበር። እሷ ትንፋሿን ስትስብ እሱ ከፍ ያደርጋል። በአንዴ ገባች።

"የሚያማት ግራው ነው" አለኝ ቀስ ብሎ፣ እሷ እንዳትሰማ። "ካምና ጀምሮ አይታጠፍላትም።"

ደንቡን አውቀዋለሁ። የገዛ እናቴን የሚያማት የትኛው ጉልበቷ እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። እሁድ እሁድ እንደዋወላለን። "ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እናንተ ብቻ ደኅና ሁኑልኝ" ትላለች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ፀጉሯን ሸፍና ትቀርባለች። በቪዲዮ የሚታየው ፊት ነው። ጉልበት አይታይም።

የእንጦጦን ዳገት ስንወጣ ጉም ዋጠን። ሾፌሩ መብራቱን አብርቶ ቀስ እያለ ነዳ። ወደ ሱሉልታ ስንወርድ ግን ሰማዩ ከፈት አለ። ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ፣ ውኃ ተኝቶበት፣ ከብቶቹ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ረግረግ ውስጥ ገብተው ይግጣሉ። እኔ ልጅ ሆኜ በዚህ በኩል ስናልፍ ሜዳ ብቻ ነበር። አሁን አጥሩና ግንቡ መንገዱን ተከትሎ ሄዷል።

ነዳጅ ማደያው ላይ ታላቅ ወንድሜ ፈጥኖ ብር አወጣ። ታናሽየው "ይሄን ተወው፣ እኔ ልክፈል" አለው። "ተው እንጂ፣ አንተ ከየት አምጥተህ?" መኪናው ውስጥ ዝም ተባለ። ክፉ አስቦ አይደለም። ካልጋሪ ላይ ሌሊት ታክሲ እየነዳ የሚያገኘውን ለቤተሰቡ ማውጣት ደስታው ነው። ግን እናቱን በየቀኑ ደግፎ ለሚያስነሣ ወንድም እንዲህ አይባልም። እኛ ውጭ ያለነው በምንልከው ብር ልክ የቤቱን ሸክም የተሸከምን ይመስለናል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ታናሽየው አልመለሰለትም። መስኮት መስኮቱን እያየ ጫንጮን አለፍን፣ ሙከ ጡሪን አለፍን።

ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስንሄድ ምድሩ ድንገት ተሰነጠቀ። ገደሉ አፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ዝናቡ ሳይገዳቸው ሣር ይነጫሉ። ሕፃናቱ መስታወቱ ላይ ተለጠፉ። አክስቴ በበኩሏ ስለ ገዳሙ ትነግራቸው ጀመር። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ በመቶ የሚቆጠሩ መነኮሳትና ዲያቆናት እንደተገደሉ ስትነግራቸው ትልቁ ልጄ "ምን አድርገው?" አለ። "የካቲት 12 ቦምብ የጣሉበትን ሰዎች ሸሽጋችኋል ተብለው" አለችው። ከዚያ ወዲያ ዝንጀሮዎቹን አላየም። እስክንደርስ ሸለቆውን ነው ያየው።

ፍልሰታ ስለሆነ ግቢው በሰው ተሞልቷል። እማዬ ያመጣችውን ጃንጥላና ጧፍ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጠች። ጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ቆመው ሲጸልዩ አንድ እግራቸው እንደተቆረጠ ገድላቸው ይናገራል። ሥዕላቸው እኛም ቤት አለ፣ ባንድ እግር ቆመው። ስለቷ የጉልበቷ ነገር ይሆናል ብዬ ጠየቅኳት።

"የለም" አለችኝ። "አራቱን ባንድ ላይ ካሳየኸኝ ብዬ ነው የተሳልኩት። ጉልበቱማ የእርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል።"

ጠበሉ ያለው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ፣ ዋሻው ዘንድ ነው። ለእሷ የማይሞከር ዳገት ነው። ታናሽ ወንድሜ የሃይላንድ ጠርሙሶቹን ሰብስቦ "እናንተ አብራችኋት ሁኑ" አለን። ታላቁ ሳይጠየቅ ተከተለው። እኔና እትዬ እማዬን መሃላችን አድርገን ጋቢ ለብሰን ተቀመጥን። እትዬ ዱባይ የሰው ልጆች ስታሳድግ የራሷን ልጅ ያሳደገችላት እማዬ ናት። እጇን ይዛ አልለቀቀችም።

ወንዶቹ ሲመለሱ ቆይተዋል። አንድ ጃኬት ሁለቱ ተከናንበው፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው፣ እየተሳሳቁ ወረዱ። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም። ታላቁ "ወንድሜ ይቅር ብሎኛል" አለና ጠርሙሱን ለእማዬ ሰጣት።

ጠበሉን እኔ ቀባኋት። ቀሚሷን ከፍ ስታደርግ አየሁት። ግራው ጉልበት ከቀኙ አንድ እጥፍ ይበልጣል። ከላይ በኩል ያበጠው ስነካው እንደ ሊጥ ለስላሳ ነው፣ ይሞቃል። ጠበሉ በረዶ ነው። "እሰይ" አለች ዓይኗን ጨፍና። ደግሜ ቀባኋት።

ቅዳሴ ሲያልቅ ዝናቡ መልሶ ስለያዘ አገልግሉን መኪና ውስጥ ፈታነው። ተልባ ፍትፍት፣ ጎመን፣ ስንግ ቃሪያ። ክንዳችን መነቃነቂያ አጥቶ ጉርሻው ከወንበር ወንበር በሰው እጅ ይተላለፋል። ከዚህ የጣመ ምግብ በ9 ዓመት ውስጥ አልበላሁም።

ስንመለስ ሱሉልታ አካባቢ ለበቆሎ ጥብስ ቆምን። መኪናው ከአስፋልቱ ወርዶ ጭቃው ላይ ተቀረቀረ። በማግስቱ ቡሄ ስለነበር ጅራፍ ሲያስጮሁ የነበሩ ልጆች ሮጠው መጡ። ታናሽ ወንድሜ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቷቸው አብረን ገፋን። መኪናው ሲወጣ ልጆቹ ዱላቸውን መሬት እየመቱ ሆያ ሆዬ አሉ። የእኔም ልጆች "ሆ!" እያሉ ተቀበሉ። የቡሄውን ብር ታናሽ ወንድሜ ሰጣቸው። ታላቁ እጁን ኪሱ ውስጥ አላስገባም።

አዲሱ ገበያ የደረስነው መሽቶ ነው። በርጩማውን ከወንበሩ ሥር እኔ አወጣሁት። እንዳይንሸራተት በእግሬ ያዝኩት። ታናሽ ወንድሜ እጁን ዘርግቶ ነበር፤ አየኝና መልሶ ሰበሰበው።

"ግራሽን፣ እማዬ" አልኳት።

ክንዷን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። ትንፋሿን እስክትስብ ጠበቅኳት። ግራ እግሯን አወረደች።