ወይኔ ወይኔ! ወይንን እንደ ቲማቲም ሳሳድግ

ቲማቲሙንና ወይኑን የተከልኳቸው በአንድ ቀን ነው። ጠዋት 12 የቲማቲም ችግኝ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጎረቤቴ እማማ ከወይናቸው ላይ ቆርጠው ያቆዩልኝን 5 ቁራጭ። ሁለቱም ፀሐይ ይወዳሉ። ሁለቱም ድጋፍ ይፈልጋሉ። በኔ ቤት አንዱን የቻለ ሌላውንም ይችላል። ይቺ ሒሳብ ሦስት ዓመት በላችብኝ።

ቲማቲም ሲተከል ደስ የሚል ጠባይ አለው። ግንዱ አፈር የነካው ቦታ ሁሉ ሥር ያወጣል። የታችኛዎቹን ቅጠሎች ቀንጥሼ ግንዱን እስከ ግማሹ ቀበርኩት። በሳምንቱ ሁሉም ቀና ቀና ብለው ቆሙ።

የወይኑ ቁራጮች እርሳስ የሚያክል ውፍረት አላቸው፣ ርዝመታቸው 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ እያንዳንዳቸው 4 አንጓ። ሁለት አንጓ ከአፈር በታች፣ ሁለት ከአፈር በላይ ተባልኩ፤ እንደተባልኩት አደረግኩ። ከወር በላይ ጠበቅኩ። ሁለቱ አቆጠቆጡ። ሦስቱ ጭጭ አሉ። እማማን ጠራኋቸው። ጎንበስ ብለው አንዱን ነቀሉና በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት።

«ልጄ፣ ገልብጠህ ነው እኮ የተከልከው።»

«እንዴት አወቁ እማማ?»

«ዓይኑን አታየውም? መሬት መሬት እያየ!»

እውነትም አንጓው ላይ ያለችው ትንሽ ጉብታ ጫፏ ወደ ታች ዞሯል። ሦስቱም እንደዚያው። አፈሩ ጥፋት የለበትም፣ ውሃውም የለበትም። ዝቅዝቅ ሰቅያቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ቁራጭ ሳዘጋጅ የታችኛውን ጫፍ ከአንጓው ሥር ቀጥ አድርጌ፣ የላይኛውን ሰያፍ አድርጌ እቆርጣለሁ። ቀጥ ያለው ወደ አፈር፣ ሰያፉ ወደ ሰማይ። ከዚያ በኋላ ተሳስቼ አላውቅም።

ችግኞቹ መሬት ከገቡ በ70 ቀን ገደማ የመጀመሪያውን ቀይ ቲማቲም ቀጠፍኩ። እስከዚያ ድረስ ግን ሁለት ጥፋት ሠርቻለሁ።

አንደኛው የቅንጠሳ ነው። ቲማቲም በጠባዩ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የተወሰነ ቁመት ላይ ደርሶ ይቆማል፣ ፍሬውንም በአንድ ሰሞን ግልብጥ አድርጎ ይሰጣል። ሌላው ብርድ ወይም በሽታ እስኪገድለው ድረስ እየረዘመ፣ እያበበና እያፈራ ይቀጥላል። በግንዱና በቅጠሉ መካከል፣ ብብቱ ውስጥ የሚያቆጠቁጠውን ቀንበጥ መቀንጠስ የሚጠቅመው ለዚህ ለረጅሙ ነው። እኔ አንድ ቦታ «ቀንጥሱ» ሲባል ሰምቼ 12ቱንም ቀነጠስኩ። ከ12ቱ 6ቱ አጭሮቹ ነበሩ። ሊያፈሩበት የነበረውን ክንድ ነው የቆረጥኩባቸው። ችግኝ ስትገዙ ከቀለሙና ከመጠኑ በፊት ይህን ጠይቁ።

ሁለተኛው የውሃ ነው። ፍሬዎቹ እንቁላል ሲያክሉ መቀመጫቸው ላይ ጠቆሩ፣ ጎደጎዱ፣ እንደ ቆዳ ደረቁ። በሽታ መስሎኝ ደነገጥኩ። በኋላ የካልሲየም እጥረት ነው ሲሉኝ የእንቁላል ቅርፊት ፈጭቼ በተንኩ። (ቅርፊቱ አፈር ውስጥ እስኪፈርስ ወቅቱ ያልፋል። ግን የሆነ ነገር ማድረግ ደስ ይላል።) አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ አፈሩ ውስጥ ካልሲየም መጥፋቱ አይደለም። ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚጓዘው በውሃ ነው፤ ውሃው ከተቆራረጠ እሱም ይቆራረጣል። እኔ ደግሞ ሦስት ቀን እረሳለሁ፣ በአራተኛው ቀን አጥለቀልቃለሁ። መደቡን በደረቅ ሣር ጎዝጉዤ፣ መጠኑን አስተካክዬ፣ ቅጠሉን ሳላረጥብ ከሥሩ ማጠጣት ስጀምር ቀጥለው የመጡት ፍሬዎች ንጹሕ ሆኑ።

ልብ በሉ፣ ሁለቱንም ጥፋቶች ያወቅኩት በዚያው ወቅት ነው። ቲማቲም ቅሬታውን አያሳድርም። የወይኑ ነገር ግን ሌላ ነው። እሱ ዝም ብሎ ይመዘግባል።

የተረፉትን ሁለቱን ወይኖች ከቲማቲሙ እኩል አጠጣኋቸው። ቲማቲሙ ፍግ ሲያገኝ እነሱም አገኙ። አመሰገኑኝ መሰለኝ! በሁለተኛው ዓመት ቅጠላቸው መዳፌን ሁለት እጥፍ ያክላል፣ ሐረጉ አጥሩን ዘልሎ ሄደ። ጎብኚ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው ወይኑን ነበር። ቅጠሉን አራግፎ ሲተኛ እማማ «ግረዘው» አሉኝ። እንዴት ብዬ? ያን ሁሉ ውበት? ከጫፍ ከጫፉ ትንሽ ከርከም አድርጌ ተውኩት። አሳዘነኝ።

በሦስተኛው ዓመት ጫካ ሆነ። ውስጡ ብርሃን አይገባም፣ ነፋስ አያልፍም። ከሁለቱ ወይኖች ያገኘሁት 4 ዘለላ ነው። እነሱም ፍሬያቸው እንደ አተር ደቃቃ። ከላይ ደግሞ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ሻጋታ ለበሱ። ወይኔ ወይኔ!

ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ወይን የሚያፈራው ዘንድሮ በሚወጣ ለጋ ቀንበጥ ላይ ነው። ያ ቀንበጥ ግን መውጣት ያለበት አምና ካደገ እንጨት ነው። ካረጀው ወፍራም ግንድ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ቅጠል ብቻ ነው። የአምናው እንጨት ሁሉ ከተተወ ደግሞ ዓይኖቹ ይበዛሉ፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይሻማሉ፣ አንዱም አይጠግብም። ስለዚህ ተኝቶ ሳለ ካለፈው ዓመት እድገት ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ይቆረጣል። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። ቲማቲም ላይ በጥፍር የሚቀነጠሰው ወይን ላይ በመጋዝ ነው።

በአራተኛው ዓመት ጨከንኩ። መቀሱን ይዤ ለመጀመር ብቻ ግማሽ ሰዓት ዞርኩት። ስጨርስ መሬት ላይ የወደቀው ክምር ወገቤ ደረሰ። የቀረው አንድ ግንድና በሽቦው ላይ ግራና ቀኝ የተዘረጉ ሁለት ክንዶች ናቸው። የገደልኩት መሰለኝ። ይባስ ብሎ ዘግይቼ ነበርና፣ በማግስቱ ጠዋት ብሄድ የተቆረጠው ጫፍ ሁሉ ጠብ ጠብ ይላል። ውሃ የመሰለ ጥርት ያለ ፈሳሽ፣ ሥሩ ያለው መሬት ረጥቧል። ደም የሚፈሰው ሰው ያየሁ ያህል ሮጬ ፕላስተር አመጣሁ። ሁለቱን ጠቀለልኳቸው። ፕላስተሩ እርጥብ ላይ አልይዝ አለ።

እማማ ከአጥሩ ማዶ ሆነው አዩኝና እስኪያንቃቸው ሳቁ። ሥሩ ነቅቶ ውሃ መሳብ ከጀመረ በኋላ የተገረዘ ወይን ያነባል፤ ቀን ጠብቆ ራሱ ያቆማል፣ ብዙም አይጎዳውም። እንደዚያው ሆነ። በዚያ ወቅት ከእያንዳንዱ የአምና ዓይን አንድ ቀንበጥ፣ በአብዛኛው ቀንበጥ ላይ ደግሞ ሁለት ዘለላ መጣ። ፍጉን አቁሜያለሁ። ውሃውንም ቀንሻለሁ፤ ሥሩን ወደ ጥልቁ የሰደደ ወይን እንደ ቲማቲም በየቀኑ አይለምንም።

የድጋፉ ነገርም አስቸግሮኝ ነበር። ቲማቲም እጅ የለውም፤ ካላሰሩት ይተኛል። በቀርከሃና በጨርቅ ቅዳጅ ላላ አድርጎ ማሰር ይበቃዋል። ወይን ግን የራሱ እጅ አለው። ቀጫጭን ጠምዛዛ ክሮች ይልካል፣ ያገኘውን ይጨብጣል፣ ሲደርቁም እንደ ሽቦ ይጠነክራሉ። ለቲማቲሙ የሠራሁትን ገመድ ለወይኑም ዘርግቼለት፣ አንድ የነፋስ ሌሊት ሙሉውን ይዞት ወረደ። አሁን ያለው 60 ሳንቲ ሜትር የተቀበረ ወፍራም ቋሚና ወፍራም ሽቦ ነው።

ሰው «ለጓሮዬ የቱን ልትከል?» ሲለኝ የምጠይቀው ስለ ጣዕም አይደለም። ቤቱ የኪራይ ነው ወይስ የራስህ? እላለሁ። ቲማቲም 60 ሳንቲ ሜትር ቦታ ላይ፣ ካስፈለገም ባልዲ ውስጥ፣ በአንድ ወቅት ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። እንዲያውም መሄድ አለበት፤ በሽታው አፈር ውስጥ ስለሚከማች እሱንም ዘመዶቹን ድንችን፣ ቃሪያንና ደበርጃንን ሁለት ሦስት ዓመት እዚያው መደብ ላይ አለመመለስ ጥሩ ነው። ወይን ሁለት ሜትር ያህል ይወስዳል፣ ቁምነገር ያለው ፍሬ ለማየት ሦስት ዓመት ገደማ ያስጠብቃል፣ ከዚያ በኋላ ግን አይነቀልም። ስሎቬንያ ውስጥ በማሪቦር ከተማ ከ400 ዓመት በላይ የሆነው ወይን እስከ ዛሬ ያፈራል። እንግሊዝ ውስጥ በሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት ያለው ደግሞ የተተከለው በ1768 እ.ኤ.አ. ነው። የተሳሳተ ቦታ ላይ የተተከለ ቲማቲም የአንድ ወቅት ብስጭት ነው። ወይን የተሳሳተ ቦታ ላይ ከተተከለ ግን የልጅ ልጅ ይወቅሳል።

ለጀማሪ ቲማቲም ይሻላል ባይ ነኝ። እጅን ያፍታታል። ወይኑንም ግን በዚያው ዓመት ትከሉ፤ ዓመቶቹ ቶሎ መቆጠር ይጀምሩ። ብቻ እንደ ቲማቲም አታባብሉት።

በአምስተኛው ዓመት የመጀመሪያዎቹ ዘለላዎች ወይን ጠጅ ቀለም ሲይዙ አላስቻለኝም። ወፎቹም ዙሪያውን ማንዣበብ ጀምረዋል። ቲማቲም ገና ቀላ ማለት ሲጀምር ተቀጥፎ ጠረጴዛ ላይ ይበስላል፤ ወይኑንም እንደዚያ አስቤ ትልቁን ዘለላ ቆረጥኩና አንድ ሳምንት አስቀመጥኩት። ከዚያ በሳህን አድርጌ ለእማማ ወሰድኩላቸው። አንዷን ፍሬ አፋቸው ውስጥ ጣሉ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ፍሬዋን ከፍለው ዘሯን አሳዩኝ። አረንጓዴ ናት።

«ዘሩ ቡናማ ሲሆን፣ ቀምሰህም ሲጣፍጥህ ነው የሚቆረጠው። ይሄ ከሐረጉ ከወረደ በኋላ አይበስልም፣ ልጄ። ቲማቲም መሰለህ እንዴ?»