የግል መረጃ ጉዳይ ከፎቶ ኮፒ ቤት ይጀምራል

ባሕር ዳር ውስጥ የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ከ10ኛና ከ11ኛ ክፍል ልጆች ጋር ክበብ አለን። ባለፈው ዓመት ክበቡ አንድ ጉዳይ ይዞ ከረመ፤ የሰው የግል መረጃ። ማን ይሰበስበዋል፣ ሕግ ምን ይላል፣ በሌላው ዓለም እንዴት ነው፣ እኛ ቤትስ? ሌሎች መምህራን እንዴት እንደሠራነው ደጋግመው ስለጠየቁኝ እዚህ ልጻፈው።

ገና ሳንጀምር አንድ ነገር ወሰንኩ። ከአውሮፓ አንነሳም። ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ ላይ ከዋለውና ጂዲፒአር ከሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ነው። ሕጉ ጥርስ አለው፤ ያጠፋን ኩባንያ በመላው ዓለም ካገኘው ዓመታዊ ገቢ እስከ 4 በመቶ ሊቀጣው ይችላል። ግን የ16 ዓመት ልጅ ይህን ሲሰማ "ጎበዞች ናቸው" ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ የፈለግኩት ነገሩ የራሱ ጉዳይ መሆኑ እንዲሰማው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው የቤት ሥራ ይህ ነበር። ለአንድ ሳምንት ስማችሁን፣ ስልካችሁን ወይም መታወቂያችሁን የሚጠይቃችሁን ሁሉ መዝግቡ። ከዚያ በትሕትና ጠይቁ፤ ለምን ፈለጋችሁት? የት ይቀመጣል? ማን ያየዋል? መመለስ ያልፈለገ ሰው ካለ አመስግናችሁ ሂዱ አልኳቸው።

ይዘውት የመጡት ነገር ጉድ ነበር። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሁሉንም አስከነዳ። ፔዳና ፖሊ በሚባሉት የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አካባቢ ያሉትን የምታውቁ ታውቃላችሁ። መታወቂያ ልታሳትም ትገባለህ፣ "በቴሌግራም ላክልኝ" ይልሃል፣ ትልካለህ፣ ያትማል፣ ከፍለህ ትወጣለህ፣ ፋይሉ ግን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። ዲግሪው፣ የጋብቻ ወረቀቱ፣ የሐኪም ማስረጃው፣ ሁሉም ተደርድሮ። ከኋላህ የተሰለፈው ደንበኛ ስክሪኑ ላይ ያነበዋል። አንዷ ተማሪዬ "ወንድሜ፣ የኔን ታጠፋልኛለህ?" ስትለው ባለ ሱቁ "እህቴ፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም እኮ" አላትና ፊቷ አጠፋው። ሰውየው ክፉ አይደለም። ማንም ነግሮት አያውቅም፣ በቃ።

ሌላው ልጅ ቆሎ የተጠቀለለበትን ወረቀት ይዞ መጣ። የአንድ ሰው ስም፣ ስልክና የደም ምርመራ ውጤት ያለበት ቅጽ ነው። ስሙንና ስልኩን በጥቁር እስክሪብቶ አጠፋነውና ስለሱ ተነጋገርን። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ለምን እንደሚያስፈልግ ላስረዳ አልተገደድኩም።

ሕጉን ያነበብነው ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26። የሰው ቤት፣ ደብዳቤ፣ የስልክ ንግግር እንዳይደፈር የሚጠብቀው እሱ ነው። ቀጥሎ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። ብዙ ሰው ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ አዋጅ እንዳላት አያውቅም፤ ወላጆችም አስተማሪዎችም ሲሰሙ ይገረማሉ። መረጃ የሚሰበሰበው ለታወቀ ዓላማ መሆን አለበት፣ ከሚያስፈልገው በላይ መሰብሰብ የለበትም፣ ባለቤቱ የማየትና የተሳሳተውን የማስተካከል መብት አለው። የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁን ሙሉውን ማንበብ ለልጅ ከባድ ነው። እኛ ለየቡድኑ ጥቂት አንቀጾች ሰጠንና "ይህንን ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት በሚገባው ቋንቋ አስረዱ" አልን። ማስረዳት ያቃታቸውን አንቀጽ ራሳቸውም እንዳልገባቸው ወዲያው ያውቁታል። ከሠራናቸው ነገሮች ሁሉ ይህን ለማንም መምህር ዓይኔን ሳላሽ እመክራለሁ።

ሁሉንም ጽሑፍ በወረቀት አትሜ ነው የሰጠኋቸው። ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ የነበረበትን ጊዜ የማይረሳ ሰው ትምህርቱን በኔትዎርክ ላይ አይመሠርትም።

ወደ ውጭ የወጣነው በጎረቤት በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የኬንያ የዳታ ጥበቃ ኮሚሽነር ቢሮ አንድን ትምህርት ቤት 4.55 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ቀጣ። ጥፋቱ የሕፃናትን ፎቶ ያለ ወላጆቻቸው ፈቃድ ማውጣቱ ነበር። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ እርስ በርስ ተያዩ። የኛም ትምህርት ቤቶች ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ የልጆችን ፎቶ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ይለጥፋሉ፤ የሚያስፈቅድ ስንቱ ነው? በዚያው ዓመት ናይሮቢ ውስጥ ሰው ወርልድኮይን ለተባለው ድርጅት የዓይኑን ብሌን በካሜራ ለማስነሳት ተሰልፎ ነበር። የሚያገኘው ወደ 7 ሺህ ሽልንግ የሚጠጋ ዲጂታል ገንዘብ ነው። መንግሥት ሥራውን አገደ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ፍርድ ቤት የተሰበሰበው እንዲጠፋ አዘዘ።

እዚህ ላይ የኛው ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ መነሳቱ አይቀርም። ፋይዳም አሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን ብሌንና የፊት ፎቶ ይወስዳል። ልዩነቱ ምንድን ነው? ክርክሩ ጦፈ። አንዱ ወገን፦ ፋይዳ አዋጅ አለው፣ ቁጥር 1284/2015፣ የሚሰበስበው የግል ኩባንያ አይደለም። ሌላው ወገን፦ እናቴ ባንክ ስትሄድ ፋይዳ ሲሏት እምቢ ማለት ትችላለች ወይ? ለዚህ ሕንድ ጠቀመችን። እዚያ ኬ. ኤስ. ፑታስዋሚ የተባሉ ጡረታ የወጡ ዳኛ አድሃር በሚባለው የአገሪቱ መታወቂያ ላይ አቤት ብለው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ዘጠኝ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች በአንድ ድምፅ የግል ሕይወት መሠረታዊ መብት ነው ብለው ወሰኑ። በዓመቱ ፍርድ ቤቱ መታወቂያው ይቀጥል፣ ባንክና የስልክ ድርጅት ግን በግድ አይጠይቁ አለ። ክበቡ ለሁለት ተከፍሎ ይህንኑ ሙግት እንደገና ተሟገተ። ማን እንዳሸነፈ እስካሁን አልተስማሙም፤ እኔም አልዳኘሁም። መምህሩ ወገን ሲይዝ ልጆቹ ማሰብ ያቆማሉ።

ከሁሉ የጠለቀው ግን የባህሉ ክፍል ነው። እዚህ ሠፈር ገመና የሚባል ነገር የለም፣ ጎረቤት ሁሉን ያውቃል፣ የግል መረጃ የፈረንጅ ጣጣ ነው የሚል ሐሳብ ይዘው ነበር አንዳንዶቹ። "ቤታችሁ ያሉ አዛውንቶችን ከማንም የምትሰውሩት ምንድን ነው ብላችሁ ጠይቁ" አልኳቸው። አንዷ ተማሪ ከአያቷ ይዛ የመጣችው መልስ ውይይቱን ለወጠው። አያቷ "ልጄ፣ የክርስትና ስሜን ለማንም አልናገርም፤ የእናቴንም ስም" ብለዋታል። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን። ስምህንና የእናትህን ስም የያዘ ሰው ድግምት ሊደግምብህ፣ መተት ሊሠራብህ ይችላል ተብሎ ይፈራል። ከዚያ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ባንክም ሒሳብ ስትከፍት የእናትህን ስም ይጠይቃል እኮ!" እውነቱን ነው። ስምና የእናት ስም አንድን ሰው ለይቶ ያወጣል። አዛውንቶቻችን ያንን ከባንኩ በፊት ያውቁት ነበር። ጥንቃቄው የነሱ ነው፤ ከውጭ አልመጣም። ንስሐ አባት የሰማውን እንዳያወጣ የሚታሰርበትም ሥርዓት አለ። ከሙስሊም ቤተሰብ የመጡት ደግሞ በሃይማኖታቸው የሰውን ነውር መሸፈን ምን ያህል እንደሚከበር አስረዱን።

ፎቶ ደግሞ የሐይቁ ዳር ጉዳይ ነው። ጣና ዳር ታንኳ ከደንገል የሚሠሩ ሰዎችን ጎብኚው ሁሉ ያነሳቸዋል፣ የኛም ልጆች ያነሷቸዋል፣ ቲክቶክ ላይ ይለቋቸዋል። አንድ ቡድን ሄዶ አነጋገራቸው። አንድ ታንኳ ሠሪ "የሚያነሳኝ ብዙ ነው፤ ያነሳውን ያሳየኝ ግን የለም" አሉ። ልጆቹ ስለፎቶ ሕግ ሲፈልጉ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 አገኙ። የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትና መሸጥ አይቻልም ይላል። ቀጣዩ አንቀጽ በአደባባይ ከሚደረግ ነገር ጋር የተያያዘ ሥዕልን የመሳሰሉ ልዩ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል። ይህ ሕግ ሲወጣ ባሕር ዳር ትንሽ ከተማ ነበረች፤ ስማርት ስልክ የሚባል ነገር በሕልምም አልነበረም። ቡድኑ ፎቶዎቹን መልሶ ወስዶ አሳያቸው። አንዱን እሳቸው አልወደዱትም፣ ጠፋ። ሌሎቹን ፈቀዱ።

ልትጀምሩ ላሰባችሁ መምህራን የምነግራችሁ አለ። ልጆቹን ውጭ ከመላካችሁ በፊት የወላጅ ፈቃድ ያዙ፤ ቅጹን ራሳቸው ልጆቹ ያርቅቁት፣ ትልቅ ትምህርት ነው። የሰበሰባችሁት ማስታወሻ ውስጥ የሰው ስም አታስገቡ። ከወላጅ ጋር አንድ ስልክ የሚጋራ ልጅ ብዙ ነው፣ ስለዚህ ስለ ፓስዎርድ ስታወሩ ሁሉም የራሱ ስልክ ያለው አታስመስሉ። የእናቷን የቴሌብር ፒን የምታውቅ ልጅ ሰርቃ አይደለም፤ እናቷ ማንበብ ስለማይችሉ ብር የምትልክላቸው እሷ ናት። ይህን የትኛውም የውጭ ማሠልጠኛ ጽሑፍ አያነሳውም። እኛ ግን ካላነሳነው ምክሩ ግማሹን ቤት ሳይደርስ ይቀራል።

አሁን የያዝነው የውጤት ጉዳይ ነው። ብዙ ትምህርት ቤት የተማሪ ስም ከነማርኩና ከነደረጃው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ልጆቹ በስም ፋንታ በመለያ ቁጥር እንዲሆን ለአስተዳደሩ ደብዳቤ ጻፉ። ርእሰ መምህሩ አልተቃወሙም። የተቃወሙት ወላጆች ናቸው፤ "የልጄን አንደኛነት ለምን ትደብቁታላችሁ?" ይላሉ። አንደኛ የወጣው ልጅ ደግሞ ደብዳቤው ላይ ከፈረሙት አንዱ ነው። ወላጆቹን ለሚቀጥለው የክበብ ቀን ጠርተናቸዋል፣ አዋጁን የሚያስረዷቸው ልጆቹ ናቸው።